የፍሪሲዮን ገመድና የግራዝማች በሬ

ሞተር ሳይክል ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ በግራ እጅ በኩል ያለችው እጀታ ምን እንደምትሠራ አስቀድሜ ላስረዳችሁ፤ አለዚያ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ይመስላችኋል። እርግጥ ጥፋቱ የኔው ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። ይህች እጀታ በቀጭን የሽቦ ገመድ ከሞተሩ ሆድ ጋር ትገናኛለች። ስትጨብጧት ሞተሩና ጎማው ይፋታሉ፤ ስትለቋት ይታረቃሉ። ሲፋቱ ሞተሩ እየሠራ ጎማው መቆም ይችላል፤ ማርሽም በሰላም ይቀየራል። ሲታረቁ ጉዞ ነው። ይህን የሚያፋታና የሚያስታርቅ ዳኛ መካኒኮች ፍሪሲዮን ይሉታል። ገመዱ ከመጠን በላይ ከጠበቀ እርቅ የለም፤ ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ፍቺ የለም። እኔ ይህን ሁሉ የተማርሁት በአንድ ጠዋት ነው።

ዘመኑ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባልበት ነበር። እኔም ደባርቅ ተመድቤ ከብት እከትብ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝን ሞተር ሳይክል ከኔ በፊት አራት ሰዎች ነድተዋታል። አራቱም ዝውውር ጠይቀው ሄደዋል፤ የእሷን ዝውውር ግን የሚፈርምላት አልተገኘም። ቀለሟ ድሮ ቀይ ነበር ይባላል። መርገጫ ፔዳሏ ስለተሰበረ የምትነሣው ተገፍታ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ቤት ሲከራይ «ውኃ አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔ «ቁልቁለት አለው ወይ?» እል ነበር። ያገኘሁት ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ነፋሱ ከሰሜን ተራራ ቀጥታ ወደ አልጋዬ ይገባል፤ ቁልቁለቱ ግን እንከን አይወጣለትም።

ያን ሰሞን የደስታ በሽታ በዳባት በኩል ገባ ተባለ። ማን እንዲህ ያለ ስም እንዳወጣለት አላውቅም፤ የገባበትን በረት ባዶ አድርጎ የሚወጣ የከብት በሽታ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የምትገኝ አንዲት መንደር ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቿ እስከ ዛሬ ይታዘቡኛል። በሽታው ከሷ የአንድ ወንዝ ያህል ብቻ ነበር የራቀው። ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ነገ ጠዋት ከብቱን ሁሉ ሰብስባችሁ ጠብቁኝ» ብዬ ላክሁበት።

የክትባቱ መድኃኒት ግን ባሕርዩ እንደ ሕፃን ነው። በበረዶ ካልታቀፈ ይሞታል፤ ከተበጠበጠ ወዲያ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተወጋ ውኃ ነው። በረዶውን የምናገኘው መሥሪያ ቤታችን ካለው የላምባ ማቀዝቀዣ ነበር፤ እሱም በቀን ከአንድ ቴርሞስ በላይ ሰጥቶን አያውቅም። እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ በጊዜ ደርሶ በጊዜ መውጋት ነበር። ይህን ያዙልኝ።

በዋዜማው ሞተሯን ሳያት እጀታዋ ትንሽ ላላ ብላለች። ትንሽ ነው ያልሁት። ባልነካት ኖሮ እንደ ምንም ታደርሰኝ ነበር። እኔ ግን ያልታመመ ነገር የማስታመም አመል አለብኝ። እየጎተትሁ ወደ ወፍጮ ቤት ወሰድኋት።

የወፍጮ ቤቱ ጋሽ ሞላ በደባርቅ የሞተር ነገር ያውቃሉ የሚባሉ ብቸኛ ሰው ነበሩ። ከወፍጮ አልፈው ራዲዮ ጠግነዋል፣ የልብስ ስፌት መኪና ጠግነዋል፤ አንድ ጊዜም የሰው መመዘኛ ሚዛን ጠግነው የከተማው ሰው በአንድ ቀን ወፍሮ አድሯል። እጀታዋን ገና ከሩቅ ሲያዩ ፍርዱን ሰጡ።

«ላልቷል። ቺንጋ ሲላላ ወፍጮ አይፈጭም፤ እህሉን ያላምጠዋል እንጂ።»

«ይኸ እንኳ ቺንጋ አይደለም፣ ጋሼ።»

«አንተ በሬ ትወጋ እንደሆነ እንጂ የሞተር ነገር ታስተምረኛለህ?»

እውነታቸውን ነው። ማስተካከያውን ዳዶ በፒንሳ ይዘው ገመዱን እስከሚበቃው አጠበቁት። ከዚያም እስከማይበቃው አጠበቁት። በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት እንደ ክራር ጅማት ጮኸ። «አሁን ገና ሰው ሆነች!» አሉኝ፣ እጃቸውን በዱቄት ከረጢት እየጠረጉ። እኔም መርቄያቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ ቴርሞሱን ከኋላ በገመድ አስሬ፣ መርፌዬን በቦርሳ ይዤ፣ ቁልቁለቴን ተጠቅሜ ተነሣሁ። ሜዳው ላይ ምንም አላለችም። የዳባትን መንገድ ይዤ የመጀመሪያዋን ዳገት ስጀምር ግን ሞተሯ ድምፅዋን ከፍ፣ ጎማዋ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርግ ጀመር። ቤንዚን በጨመርሁ ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል፤ መንገዱ ግን አይቀንስም። ዳገቱ መካከል ላይ አንዲት ገብስ የተጫነች አህያ ቀደመችኝ። ቀጥሎ ባለቤቷ ደረሰብኝና ጎን ለጎን ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «ጌታው፣ ዕቃህን እሷ ላይ ልጫንልህ?» አለኝ። ሰውየው የተናገረው ከልቡ ነበር፤ እኔን ያሳፈረኝም እሱ ነው።

ከሞተሯ ሆድ የተቃጠለ ነገር መሽተት ሲጀምር ገባኝ። ገመዱ ከመጥበቁ የተነሣ እጀታዋን ሳልጨብጣት እንኳ እንደተጨበጠች ናት፤ ሞተሩና ጎማው ጨርሶ አልታረቁም። ዜሮ ማርሽ ላይ አደረግሁና፣ ሞተሯን ሳላጠፋ ከዳገቱ ራስ ላይ ቆምሁ። ፒንሳዬን አወጣሁ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተሳሰብ ልንገራችሁ። እኔ ወጥ ጨው ሲበዛበት ውኃ በባልዲ የምቀላቅል ሰው ነኝ። ማጥበቅ ካጠፋ ማላላት ያለማል ብዬ ዳዶውን መልሼ፣ መልሼ፣ ጨርሶ ማለቂያው ድረስ መለስሁት። እጀታዋ እንደ ሰለለ እጅ ተንጠለጠለች። ጨበጥኋት፤ የሚይዝ ነገር የለም። «እንዲህ ነው እንጂ ለስላሳ!» አልሁ።

ማርሽ ሳስገባ ሞተሯ ሳታስጠነቅቀኝ ተነሥታ ሄደች። ግማሹ አካላቴ ላይዋ ላይ፣ ግማሹ መንገዱ ላይ ነበር፤ ከአንድ ጫማዬ በስተቀር ሁላችንም ተያይዘን ሄድን። ጫማውን የአህያዋ ባለቤት አንሥቶ እያውለበለበ ለጥቂት ጊዜ ተከተለኝ፤ ከዚያም ተስፋ ቆርጦ አህያዋ ላይ ሲጭነው በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

እንግዲህ ሁኔታዬ ይህ ነበር። ፍሪሲዮኑ ስለማያላቅቅ ዜሮ ማርሽ አልገኝ አለኝ። ፍሬን ብይዝ ሞተሯ ትጠፋለች። ከጠፋች ደግሞ ያለ ገፊና ያለ ቁልቁለት አትነሣም፤ በረዶዬም እዚያው ሜዳ ላይ ይቀልጣል። ስለዚህ ሞተሬ እንደ ዘመኑ መፈክር «ወደፊት!» ብቻ የምታውቅ ሆነች። መቆም ቀረ፤ መሄድ ብቻ።

ከዋናው መንገድ ወደ መንደሯ በሚገባው የእግር መንገድ ላይ አንድ አባት መስቀላቸውን ይዘው ሲመጡ አየኋቸው። በኛ አገር ካህን አይቶ መስቀል ሳይሳለም የሚያልፍ ሰው፣ ሌላው ጠባዩ አይጠየቅም። መቆም አልችልም፤ ማለፍም አልችልም። «አባ፣ ይባርኩኝ!» ብዬ ከሩቁ ጮህሁና አንገቴን አሰገግሁ። አባም ነገሩ የገባቸው መስሏቸው፣ ወይም የሚሞት ሰው መስያቸው፣ መስቀላቸውን ዘርግተው ጥቂት እርምጃ አብረውኝ ሮጡ። መስቀሉና ግንባሬ የተገናኙት በሞተሯ ፍጥነት ነበር። «እግዚአብሔር ይፍታህ!» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። ቡራኬው ግንባሬ ላይ አብጦ አንድ ሳምንት ቆይቷል።

ዋናው ነገር የመጣው ግን ከወይራው ዛፍ ሥር ነው።

ግራዝማች ውብነህ የመንደሯ ትልቅ ሽማግሌ ነበሩ። ማዕረጉ በዐዋጅ ቀርቷል፤ ሊቀመንበሩም በስብሰባ ላይ «ጓድ ውብነህ» ይላቸዋል። ስብሰባው ሲያልቅ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ «ግራዝማች፣ ይለፉ» ብሎ መንገድ ይለቅላቸዋል። ድሮ በቅሎ ነበረቻቸው፤ ኮርቻና ልጓም በገዛ እጃቸው ሠርተው ለአገሩ ሁሉ ሲያድሉ ኖረዋል። አሁን ያላቸው ቦራ የሚባል አንድ በሬ ነው። ጓደኛው ባለፈው ክረምት ገደል ስለገባ፣ ቦራን ከጎረቤታቸው በሬ ጋር በመቀናጆ ጠምደው ያርሳሉ። ቦራ ከሞተ እርሻ የለም።

የዚያን ቀን ጠዋት ግራዝማች ከአራት ሽማግሎች ጋር ወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር። ከብቱ የተሰበሰበው ከሳቸው አለፍ ብሎ፣ በዝግታ ከፍ ከሚለው ሜዳ ጫፍ ላይ ነው። ሞተሯን ሲሰሙ፣ እንግዳ መጣ ብለው አምስቱም ተነሥተው ቆሙ።

ይህን ስንት ጊዜ እንደተመኘሁ አልነግራችሁም፤ ምነው ባይነሡ ኖሮ! በኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያይ ይወርዳል። ተቀምጠው ሳሉ እንኳ ይወርዳል። ተነሥተው እየጠበቁት፣ እላይ ተቀምጦ ማለፍማ «ከኔ ጉልበት በታች ናችሁ» ማለት ነው። ብወርድስ? ሞተሯ ትጠፋለች። ሜዳው ደግሞ ወደ ላይ ነው። ያለው አማራጭ ሽማግሎቹን «እስቲ ግፉልኝ» ማለት ነው። ግራዝማችን ሞተር ግፉልኝ ከማለት፣ ሳልወርድ ማለፍ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ቀጥሎም ከማለፍ መዞር ይሻላል አልሁ። የመጨረሻው አሳብ ከየት እንደመጣብኝ እግዚአብሔር ይወቀው።

ወይራውን ዞርሁት።

«እንደምን አደሩ፣ ግራዝማች!» አልሁ በመጀመሪያው ዙር፣ ራሴን ጎንበስ አድርጌ።

«እግዚአብሔር ይመስ...» ሲሉ ከዛፉ ማዶ ደረስሁ።

የጎንደር ሰላምታ በአንድ ዙር እንደማያልቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ዙር «ደኅና ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው?» አልሁ። «አንተ ደኅና ነህ? ውረ...» አሉኝ። ቀሪውን ሞተሯ ወሰደችው። በሦስተኛው ዙር «ቤተ ሰብ ደኅና? ከብቱስ?» አልሁ። በዚህ መካከል ሽማግሎቹ ለእንግዳ ጀርባ መስጠት ነውር ነውና፣ ጋቢያቸውን እንደያዙ አምስቱም ከኔ ጋር እየዞሩ ኖሯል። በሦስተኛው ዙር አንደኛው ዞሮባቸው ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ግራዝማችማ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

ሰላምታዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ወደ ከብቱ ሄድሁ። መቆሚያ ስፈልግ አንድ የጭድ ክምር አገኘሁና ውስጡ ገባሁ። ሞተሯ ከዚያ ወዲያ ጠፋች።

ሊቀመንበሩ አዳነ በእድሜ እኩያዬ ነው፤ ካኪ የሚለብስ፣ ፈገግታ የማያጣው ሰው። ከጭዱ ውስጥ ጎትቶ አወጣኝና፣ «ጫማህስ?» አለኝ። «አህያ ላይ ነው» አልሁት። ሌላ አልጠየቀም። ቴርሞሱ ምንም አልሆነም፤ በረዶው አለ። እፎይ ብዬ መድኃኒቱን በጠበጥሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት አለኝ። የመጀመሪያው ወይፈን ቀንዱን ተይዞ ሲቀርብ፣ ከበስተኋላ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ።

«ልቀቁት።»

ግራዝማች ነበሩ። አራቱ ሽማግሎች ከኋላቸው ተሰልፈዋል፤ የዞረባቸውም በምርኩዝ ደርሰዋል።

«ከብታችሁን መልሱ» አሉ ግራዝማች ለሰዉ። «ሽማግሌ አይቶ የማይወርድ ሰው፣ ከብት አይቶ ምን ይራራል? መርፌ ብቻውን አይከትብም፤ የሚከትበው ሰው ነው። ሰውየውን ሳናውቅ መርፌውን አናምንም።»

«ኧረ ሦስት ጊዜ ዞረን እኮ!» አሉ የዞረባቸው ሽማግሌ። «ደብር መሰልነው እንዴ?»

ሰዉም ከብቱን እየነዳ መመለስ ጀመረ። እኔ መርፌዬን እንደያዝሁ ደረቅሁ። መድኃኒቱ ተበጥብጧል። በሽታው ወንዝ ማዶ ነው። ከዚያ ሁሉ መንጋ አንዱም አልተወጋም።

አዳነ ወደ ፊት ወጣ። «ጓዶች!» ብሎ ጀመረ። «የእንስሳት ጤና ለምርት ዕድገት ያለው አስተዋጽኦ...» ግራዝማች ቀና ብለው አዩት። «...ማለቴ፣ ግራዝማች፣ እባክዎ ይስሙት» ብሎ ጨረሰ።

«ይናገር» አሉ። «ግን በወጉ ይሁን። ዋስ ይጥራ።»

ዋስ ጠራሁ፤ አዳነ ቆመልኝ። ሽማግሎቹ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ የሚመለሰውም ሰው ፍርድ ሊሰማ ከብቱን ይዞ ቆመ። እኔ በአንድ ጫማ፣ ግንባሬ አብጦ፣ ጭድ ከጸጉሬ እየረገፈ ቀረብሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርሁበት ቀን የለም። ወጉ ደግሞ ቸኩሎ አያውቅም። መጀመሪያ የአቤቱታው ታሪክ ተነገረ። ቀጥሎ ከኔ በፊት በዚያ መንገድ ስንቱ ባለበቅሎ ወርዶ እንዳለፈ በየስሙ ተነገረ። አንዱ በታመመ እግሩ ወርዷል። አንዱ በዝናብ ወርዷል። አንዱማ የተጣላቸው ሰው ሆኖ ሳለ ወርዶ፣ ሰላም ሳይል ቆሞ፣ ተመልሶ ወጥቷል። እያንዳንዱ ወርዶ ሲያልፍ እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

«ያልወረድሁት ንቄ አይደለም፣ አባቶቼ» አልሁ በመጨረሻ። «ብወርድ ሞተሯ ትጠፋለች። ገመዷ ላልቶብኝ ነው። ሞተሩ በሬ ነው፣ ጎማው ማረሻ ነው እንበል። ይህች እጀታ በሬውን ከቀንበሩ የምትፈታ ናት። ዛሬ አልፈታ አለችኝ። ካልተፈታ ደግሞ እንዴት ልቁም?»

ግራዝማች ቀጥለው ተነሡና ወደ ጭዱ ክምር ሄዱ። ሞተር ነክተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ሆኖም አንድ እግሯ ያመማትን በቅሎ እንደሚዳስስ ሰው ከፊቷ ጀምረው ዳሰሷት። እጀታዋን ጨበጡ፤ ለቀቁ። ደግመው ጨበጡ። በጣታቸው ገመዱን ተከትለው እስከ ሞተሯ ወርደው ተመለሱ።

«ይኸማ የላላ ጠፍር ነው» አሉ። «ማነው ያላላው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ጠብቆ ስለነበር።»

«ማነው ያጠበቀው?»

«የደባርቅ ወፍጮ ቤት።»

«ለምን?»

«ላልቶ ስለነበር።»

ግራዝማች ወደ ሽማግሎቹ ዞረው፣ «አያችሁ?» አሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ከዚያ ወደኔ። «ስማኝ ልጄ። የኮርቻ ጠፍር ስታስር በሆዷና በጠፍሩ መካከል አንድ ጣት ይገባል። ጣት ካልገባ በቅሎዋን ይገሸልጣታል፤ እጅ ከገባ ጌታውን ይጥላል። ይኸስ ከዚያ በምን ይለያል? የት ነው የሚታሰረው?»

ዳዶውን አሳየኋቸው። ፒንሳውን ሰጠኋቸው፤ አልተቀበሉኝም። በሁለት ጣታቸው፣ በዚያ ስንት ጠፍር በሰፋ ጣት፣ ዳዶውን ትንሽ ያዞራሉ፣ እጀታዋን ይጨብጣሉ፣ ጆሯቸውን ጠጋ ያደርጋሉ፤ ደግሞ ትንሽ ያዞራሉ። በመጨረሻ እጀታዋ መጀመሪያ ጥቂት ዝም ብላ መጣች፣ ከዚያ በኋላ ያዘች። ግራዝማች ቆሙ። «በል» አሉ። «አሁን መጥተህ በወጉ ውረድልን።»

«መገፋት አለባት፣ ግራዝማች» አልሁ በትንሽ ድምፅ።

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ያን ያህል የፈራሁት ነገር ሆነ፤ አምስቱም ጋቢያቸውን አደግድገው ገፉኝ። የዞረባቸው ሽማግሌ ሳይቀሩ በምርኩዛቸው ከኋላ ነካ ነካ ያደርጉኝ ነበር። አዳነ ዋስ ነውና ከሁሉ ይበልጥ ገፋ። ሞተሯ ተነሣች። ሜዳውን ዞሬ መጣሁና ሽማግሎቹ ፊት ስደርስ እጀታዋን ጨበጥሁ። ሞተሯ እየሠራ ጎማዋ ቆመ። ማርሹን ወደ ዜሮ መለስሁ፤ ገባልኝ። ወረድሁ፤ እጅ ነሣሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነህ ልጄ?» አሉኝ ግራዝማች፣ እንደ አዲስ። ሰላምታውንም ከመጀመሪያው ጀምረን፣ ከብቱም ሰብሉም ሳይቀር፣ ሙሉውን ተሰላለምን። ይህም ጊዜ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ እንደ ዕብድ ወጋሁ። ሰዉ ይይዛል፣ አዳነ ይቆጥራል፣ እኔ እወጋለሁ። ላሙ፣ ወይፈኑ፣ ጊደሩ ሁሉ አለፈ። ግራዝማች ግን ቦራን በገመድ ይዘው ከዳር ቆመዋል። ሦስት ጊዜ «ያምጡት» ብያቸው፣ «የዳኛ በሬ ከሰው በሬ አይቀድምም» ብለው እንቢ አሉ። የመጨረሻዋ ላም አልፋ ቦራ ሲቀርብ ሰዓቴን አየሁ። ሁለቱ ሰዓት ልክ በእሷ ላይ አልቋል። በረዶውም ውኃ ሆኗል።

መርፌዬ ውስጥ መድኃኒት ነበር። ማንም አያውቅም። ወግቼው ብሄድ ግራዝማች መርቀው ይሸኙኛል፤ ቦራም ለጊዜው ምንም አይሆንም። እጄ እስከ ትከሻው ደርሳ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

«ግራዝማች» አልሁ። «አሁን ብወጋው ውኃ ነው። ጊዜው አልፏል።»

ግራዝማች የቦራን ግንባር አሻሹት። «ጊዜውን የበላው የኔ ፍርድ ነው» አሉ።

«የለም፤ የኔ ገመድ ነው።»

«እንግዲያ ለሁለታችንም ይድረሰን» አሉና በሬያቸውን ይዘው ዞሩ። ወደ ደባርቅ ስመለስ ሞተሯ በሕይወቷ እንደዚያ ሄዳ አታውቅም፤ እኔ ግን ደስታው አልገባኝም። ወንዙን ባየሁ ቁጥር ቦራ ይታየኛል።

በማግስቱ ማለዳ የማቀዝቀዣው የዕለት ቴርሞስ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ለስንት ከብት ነው?» አለኝ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ። «ለአንድ» አልሁ። ዓይኔን አየኝ፤ ግንባሬንም አየ፤ የታመምሁ መስሎት ሳይከራከር ሰጠኝ።

ወይራው ገና ከሩቅ ሲታየኝ ቆምሁ፤ ወረድሁ፤ የቀረውን መንገድ ሞተሯን እየገፋሁ ሄድሁ። ግራዝማች በራቸው ላይ አገኙኝና፣ «ደግሞ ማን አበላሸብህ?» አሉኝ በድንጋጤ። «ደኅና ናት» አልሁ። «ለቦራ ነው የመጣሁት።» እሳቸውም በሬውን አውጥተው ቀንዱን ራሳቸው ያዙልኝ። ወጋሁት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሽታው ወንዙን ተሻገረ፤ ጎረቤት መንደሮችን ሲያራቁት በዚያች መንደር ከወጋሁት ከብት አንዱንም አልነካም። ቦራም ያን ክረምት አረሰ።

እኔ ግን የምነግራችሁ የዚያን ዕለት አካሄዴን ነው። ግራዝማች አብልተው አጠጥተው ሊሸኙኝ ተነሡ። እንግዳ ሲሸኝ፣ ባለቤቱ ሳይመለስ እንግዳው አይወጣም፤ እንግዳው ሳይወጣ ደግሞ ባለቤቱ አይመለስም። ከሁለት አንዱ መሸነፍ አለበት።

«ውጣ እንጂ ልጄ» ይሉኛል።

«እርስዎ ይመለሱ እንጂ» እላለሁ።

«አንተ ሳትወጣማ አልመለስም።»

«እርስዎ ሳይመለሱማ አልወጣም።»

እንዲህ እየተባባልን ሜዳው አለቀ። ወይራው አለፈ። የገብሱ ማሳ አለፈ። እኔ እገፋለሁ፤ እሳቸው አንድ እጃቸውን ለእርዳታ ኮርቻዋ ላይ ጣል አድርገው ከጎኔ ይራመዳሉ። ያቺ ሞተር ገመዷ እንደዚያ ቀን ተስተካክሎ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ተገፍታ አታውቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጉዘን፣ በላብ ተጠምቄ ዋናው መንገድ ላይ ደረስን።

«ከዚህ ወዲያ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ አልችልም» አሉኝ። «በል ውጣ፤ አሸንፌሃለሁ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ወጣሁ። ቁልቁለቱን ይዤ ተንሸራተትሁ፤ ማርሽ ሳስገባ ሞተሯ ተነሣች። ትንሽ ሄጄ ዞር ብዬ አየሁ። ግራዝማች አልተመለሱም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ለታላቅ ሰው እንደሚቆሙት፣ መንገዱ መካከል ቆመውልኛል።

እጀታዋን ጨበጥሁ። ጎማዋ ቆመ። ወረድሁ።